በፍል ውሃው ዓይን የወደቀው ክዳን

ይህን ነገር ያስነሱብኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ትልቋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ለፈተና ታጠናለች፣ ታናናሾቿ ከጎኗ ሆነው ያላግጣሉ። «ቫይረስ ማለት ገዳይ ነው» ትላለች ጮክ ብላ፣ በቃሏ ልትይዘው። እኔ ጥጤን እየፈተልኩ «ሁሉም አይገድልም። የማይገድል አንድ አውቃለሁ» አልኳት።

ሳቁብኝ። «እማማ ደግሞ! ቫይረስ ከየት ያውቃሉ? ገበያ ላይ አግኝተውት ነው?»

«ፍል ውሃ ውስጥ ነው ያገኘሁት። አንዲት ልጅ ልትሞትበት ነበር። በእኔ ጥፋት» ስላቸው ሳቃቸው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ይንገሩን ይንገሩን እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጡኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን ትልቋ ትጽፋለች፣ መልሳ ታነብልኛለች፣ ያልጣመኝን አስወጣለሁ። ያልጣመኝን ሁሉ ባስወጣ ግን ምንም አይቀርም ነበርና ተውኩት።

የሰቆጣ ሰው እንደሚያውቀኝ እግሬ አያርፍም ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ ከሰቆጣ ሰሃላ፣ ከሰሃላ አምደወርቅ፣ ያልደረስኩበት ጠበል የለም። ከመደቡ መነሳት ላቃተው በሽተኛ ውሃ አመጣለሁ። በቅል ቀድቼ፣ አፉን በቅጠል ወትፌ፣ ሁለት ቀን ሦስት ቀን ተሸክሜ አደርሳለሁ። ሲያሻኝ እዚያው ጠበሉ ዘንድ ወር እቀመጣለሁ። ልጆቼ «እናታችን ወፍ ናት» ይሉኝ ነበር።

አበርገሌ ቆላ፣ ከተከዜ በላይ ባለ ሸለቆ ውስጥ አንድ ፍል ውሃ አለ። ታችኛው ገንዳ ለብ ያለ ነው፣ ሰው ይታጠብበታል። ላይኛው ዓይኑ ነው። ድኝ ድኝ ይሸታል፣ ጠርዙ ቢጫና ቀይ አተላ ይዟል፣ ሁልጊዜ እንደ ድስት ይንተከተካል። አንዲት ፍየል ስትዘል ወድቃበት አይቻለሁ። ጩኸቷ ሳያልቅ ቆዳዋ ተገፎ ተንሳፈፈ። ባለቤቷ በእንጨት ሊስባት ሲታገል ሥጋዋ ከአጥንቷ እየተላቀቀ አስቸገረው፤ ኋላ እያለቀሰ ተዋት።

ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ ያሉ ሰዎች በዚህ ውሃ የተነሳ ተጋድለዋል። እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ማን ቀድሞ በሽተኛውን ያስታጥብ በሚል ተጀምሮ በጥይት አለቀ፤ ከሁለቱም ወገን ጎልማሳ ተቀበረ። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ሲደርቅ አንድ ሕግ አቆሙ። ወደ ዓይኑ ብረት አይቀርብም። ጠመንጃ የለም፣ ጩቤ የለም፣ ማጭድ የለም፣ መርፌ እንኳ የለም። ዓይኑ ውስጥ ብረት የከተተ እርቁን አፈረሰ፣ የሞቱትን ቀሰቀሰ ማለት ነው። ሁለቱም ወገኖች የመረጧቸው አንድ ሽማግሌ ውሃውን ይጠብቃሉ፣ የሚገባውንም ይፈትሻሉ። ይህንን ሕግ እኔ እንደ ዳዊት አውቀዋለሁ። ስንቱን እንግዳ «ወረንጦህን ፍታ» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ከቅርቡ ጦርነት በፊት ነው፣ አንዲት ልጅ ፍል ውሃውን የሚያውቅ ሰው እየፈለገች ሰቆጣ መጣች። የአምደወርቅ ልጅ ናት፣ ኸምጣንጋ እንደኔው ትናገራለች፣ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ሰዎች ወደ እኔ መሯት። እኔም መሄጃ ምክንያት ነበረኝ። ታናሽ እህቴ ወገቧን ይዟት ከተኛች ሁለት ዓመቷ ነው። «በቅል የምታመጪው እኮ እኔ ዘንድ ሲደርስ በረዶ ነው። ትኩሱን አምጪልኝ፤ አንዴ ትኩሱ ወገቤ ላይ ቢፈስ እነሳለሁ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ የልጇን ፔርሙዝ ተዋስኩ፤ ጀርባው ላይ ቀይ አበባ የተሳለበት፣ የሚያምር። ከቆሎዬ ጋር አቁማዳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መኪናው መንገዱ እስካለበት አደረሰንና ቀሪውን በእግር ወረድን። ልጅቷ ጠርሙሶቿን በጀርባዋ ተሸክማለች፤ ስትሄድ ይንኳኳሉ።

«ውሃውን ምን ልታደርጊው ነው ልጄ? ያመሻል?» አልኳት።

«ደህና ነኝ እማማ። በውስጡ የሚኖሩትን ልፈልግ ነው።»

«በዚያ ውሃ? ፍየል የሚቀቅል ውሃ እኮ ነው።»

«ፍየሏን ይቀቅላል፣ ለእነሱ ግን ቤታቸው ነው። በዓይን አይታዩም። አርኬያ ይባላሉ። እኛን የሚገድለን ሙቀት ለእነሱ ይስማማቸዋል። ሲቀዘቅዝባቸው ነው የሚጨነቁት።»

ሳቄ መጣ። «እንዲያ ከሆነማ ታድለዋል። እዚያ ድረስ ማን ይደርስባቸዋል? ጠላት የላቸውም በይኛ።»

«አላቸው እንጂ። ቫይረስ አላቸው።»

ከዚያ ያወራችልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቫይረሱ ከእነዚያ ከማይታዩት በጣም ያነሰ ነው። የአንዱን ግድግዳ በስቶ ይገባል። ገብቶም ባለቤቱን ወዲያው አይገድለውም፤ ያሠራዋል። የራሱን ልጆች ትቶ የቫይረሱን ልጆች እንዲሠራ ያስገድደዋል። ቤቱ ሞልቶ መተንፈሻ ሲጠፋ ግድግዳው ላይ ሾጣጣ ማማ ይበቅላል። ማማው እንደ አበባ ተከፍቶ ውስጥ ያሉት በአንድ ጊዜ ይፈሳሉ። ባዶ ቅርፊት ብቻ ይቀራል።

ቁልቁለቱ ላይ ቆምኩ። «ምነው ልጄ፣ ሽፍታ እኮ ይሻላል። ሽፍታ ዘርፎ ይሄዳል።»

«አይ፣ ሁሉም እንዲህ አይደሉም» አለች። «የዚህን ውሃ ደግሞ ማንም አላየውም። ምን እንዳለ አላውቅም።»

ስንደርስ ጠባቂው ሽማግሌ በዱላቸው አስቆሙን። የልጅቷን ሰዓት ወሰዱ፣ የጆሮዋን ጉትቻ ወሰዱ፣ የጸጉሯን መርፌ ቁልፍ ወሰዱ። ጠርሙሶቿን አንድ በአንድ በጥፍራቸው መቱ። መስታወትና ፕላስቲክ ነው፣ አለፈ። ከዚያ ሱሪዋን አዩ።

«መዝጊያው ምንድን ነው?»

«ዚፕ ነው አባባ።»

«ከምን የተሠራ?»

ጎንበስ ብላ ዚፑን አየች። «በይ አውልቂ» አሏት።

«እንዴ አባባ!»

«ለእኔ አይደለም፣ ለውሃው ነው። እኔማ ዓይኔም ደክሟል።»

ቅያሬ ቀሚሴን ሰጠኋት። ቁመቷ ረጅም ነው፣ ከጉልበቷ ትንሽ ነው ያለፈው። «አሁን ገና የሰው ልጅ መሰልሽ» አሏት፤ ሦስታችንም ሳቅን። እኔም ወረንጦዬን ከአንገቴ ፈታሁ፣ መርፌዬን ከቀሚሴ ጠርዝ ነቀልኩ። «ሌላስ?» አሉኝ። «ሌላ ምን ይኖረኛል!» አልኳቸው።

ልዋሽ አስቤ አልነበረም፤ እግዜር ያውቃል። ብረት ማለት ለእኔ የሚወጋና የሚቆርጥ ነው። አበባ የተሳለበት የሻይ ዕቃ ብረት ይባላል ብሎ ያስተማረኝ የለም። ፔርሙዙ ትዝም አላለኝ።

የማሽላ ጊዜ ነበር። ጎረምሳው ሁሉ ወፍ ሲጠብቅ ስለሚውል ወንጭፉን ወገቡ ላይ እንደታጠቀ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ወንጭፍ ገመድ ነው፣ አይከለከልም። የሁለቱም ወገን ሰው በየፊናው ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ልጅቷ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጠርሙስ እያሰረች ከዓይኑ ቀዳች። ስድስቱንም ሞላችና ጥላው ሥር ወርዳ ወረቀት ላይ ትጽፍባቸው ጀመር።

እኔ ብቻዬን ዓይኑ ዘንድ ቀረሁ። ፔርሙዙን አወጣሁ፣ ክዳኑን ጎኔ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ፣ እጀታው ረጅም በሆነ ቅል እየጨለፍኩ ሞላሁት። እንፋሎቱ ድንገት ፊቴን ሲመታኝ ወደ ኋላ ስል ክርኔ ክዳኑን ገፋው። ቅጭል አለና ገባ። ከጠርዙ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ እርከን ላይ ተቀመጠ። ውስጡ አንጸባረቀ።

ያኔ ነው ብረት መሆኑን ያወቅኩት። ልጅቷ በተወችው እንጨት ልገፋው ሞከርኩ፣ ተሰንቅሮ አልነቃነቅ አለኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ልጅቷ ወረቀቷ ላይ ናት፣ ሽማግሌው ከሰው ያወራሉ፣ ማንም ያየኝ የለም። ፔርሙዙን በውስጥ ቡሹ ወትፌ አቁማዳዬ ውስጥ መለስኩትና ወርጄ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። ሽማግሌውን ጠርቼ «አባባ፣ ተሳሳትኩ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበረች። አፌ ውስጥ ይዣት ተቀመጥኩ።

ብዙ አልቆየም። ለመሳለም ወደ ዓይኑ የወጣች ሴት ኡኡ አለች። «ብረት! ዓይኑ ውስጥ ብረት አለ!»

ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ተነሳ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኸምጣንጋ ይጮኻል። ወዲያው ዓይን ሁሉ ወደ ልጅቷ ዞረ። ጠርሙስ ይዛ፣ ያን አጭር ቀሚሴን ለብሳ ቆማለች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሽማግሌው ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡ። «ልጄ፣ የከተትሽው አንቺ ነሽ? ዚፕሽን እንኳ ያስወለቅኩሽ ሰውዬ ነኝ እኮ!»

እሷም «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

ይቅርታ ነው ያለችው። ያላጠፋችውን። ፈርታ ነው አልኩ በሆዴ።

ወንጭፍ ሲጮህ ሰማሁ። ድንጋዩ አገጯን መታት፤ የጥርሷ ድምፅ የተቀመጥኩበት ድረስ ተሰማኝ። ወደቀች። ሁለተኛው ትከሻዋን አገኛት። ከዚያ በኋላ መቁጠር የለም። በእግር የሚረግጣት አለ፣ በዱላ የሚወርድባት አለ፣ ጠርሙሶቿን እያነሳ ድንጋይ ላይ የሚፈጠፍጥ አለ። እጇን ወደ ጠርሙሶቹ ስትዘረጋ አንዱ በተረከዙ ቆመባት። ሽማግሌው «እንግዳ ናት! በሞቴ!» እያሉ ከላይዋ ተኙባት። የገዛ እህታቸው ልጅ በዱላ ክንዳቸውን ሰበረው። እሳቸው መሆናቸውን አይቶ ነው የመታቸው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ።

«እነዚያ ናቸው ያመጧት! እርቁን ሊያፈርሱ!» የሚል ድምፅ ከወዲህ ተነሳ። ከወዲያ «የታባክ!» መለሱ። ልጅቷን ተዉና እርስ በርሳቸው ተያያዙ። የዱላው ጩኸት እንደ እህል ውቂያ ነበር። አንዱ ዓይኑን በመዳፉ ይዞ ተንበረከከ፣ በጣቶቹ መሃል የሚፈሰው ደም ብቻ አልነበረም። አንዱ ጎረምሳ እየተገፋ እየተገፋ ሄዶ አንድ እግሩ ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ እስከ ጉልበቱ። ጎትተው ሲያወጡት ቆዳው እንደ ካልሲ ወርዶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠቀለለ። የሱ ጩኸት ነው ሁሉንም ያስቆማቸው።

እኔ በዚያ መሃል ልጅቷን በብብቷ ይዤ ወደ ታች ጎተትኳት። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጉልበት ነበር። ሸለቆውን ተከትለን ጥቂት ከሄድን በኋላ ድንጋይ ጥላ ሥር አስቀመጥኳት። አገጯ ተንጠልጥሏል። ነጠላዬን ቀድጄ ከአናቷ ጋር አሰርኩላት። ለራሷ አላለቀሰችም። በእጇ የጠርሙስ ቅርጽ እየሠራች ነው የምታለቅሰው። ሁሉም ተሰብሮ ነበር፣ ስድስቱም።

አቁማዳዬን ፈታሁ። ፔርሙዙን አወጣሁና ደረቷ ላይ አስቀመጥኩት። «ከዓይኑ ነው፣ ትኩስ ነው። ውሰጂው» አልኳት።

በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። መንገድ ላይ ስለ እህቴ ነግሬያት ነበር፤ ለእሷ መሆኑን ታውቃለች። «ለእህቴ ሌላ ጊዜ አመጣላታለሁ» አልኩ። ክዳን እንደሌለው ታያለች ብዬ በነጠላዬ ቅዳጅ ጠቀለልኩት። ሳላቅማማ ስሰጣት ደግ ነኝ ብላ ታስብ ይሆናል፤ እኔ ግን ማስረጃውን ከእጄ እያራቅኩ ነበር። ይህንን ትልቋ ስትጽፍ «ይኼ ይውጣ እማማ» አለችኝ። አይወጣም።

አህያ የሚነዱ መንገደኞች አግኝተውን መኪናው ድረስ አደረሷት።

ለእህቴ ሌላ ጊዜ አልመጣላትም። በዚያው ዓመት ትኩሱን ውሃ እየጠበቀች ሞተች።

የፍል ውሃው ሰዎች ቶሎ ታረቁ። ሽማግሌ ተቀምጦ ጥፋቱ የእንግዳዋ ነው ተባለ፤ ብረቱን ያስገባች እሷ፣ ይቅርታም የጠየቀች እሷ። ጥፋተኛው ከሁለቱም ወገን ስላልሆነ ለሁለቱም ተመቻቸው። እርቁም እሷን በመርገም ታሰረ። ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። «ሄደሽ ተናገሪ» አሉኝ። እኔ ብናገር እርቁ ይፈርሳል፣ ደም ይፈሳል እያልኩ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። እውነትም ምክንያት ነበረው፣ ግን የዝምታዬ ምክንያት እሱ አልነበረም። ያንን ድንጋይ ፈርቼ ነው። እግሩ የተቀቀለው ሰው ዛሬ በዱላ እያነከሰ ሰቆጣ ገበያ ይመጣል፤ ሳየው ማዶውን ይዤ አልፋለሁ።

ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ተሰደድን፣ ተመለስን። ወደ ፍል ውሃው ዳግመኛ አልወረድኩም።

ባለፈው ዓመት፣ አጨዳው ሲያልቅ፣ አንዲት ሴት ቤቴን እየጠየቀች መጣች። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እፈትል ነበር። ጉንጯ በአንድ በኩል ጎድጉዷል፣ ስትናገር አፏ ወደ ግራ ይሄዳል። «እማማ፣ ረሱኝ?» አለች። እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ።

አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። «ይህን ላሳይዎ ነው የመጣሁ» አለች። ግራጫ ሥዕል ነው። ሆዱ የወፈረ፣ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ ትንንሽ ነገሮች ተበትነውበታል።

«እንዝርት ነው!» አልኩ። «ክር የተጠቀለለበት እንዝርት!»

«እኛም እንደዚያው ነው የምንለው» አለች፤ በዚያ በግራ አፏ ሳቀች። «ቫይረስ ነው። የውሃችን ቫይረስ። ከፔርሙዝዎ ነው የተገኘ። ሙቀቱን ስለያዘ ቤተ ሙከራ እስኪደርስ አርኬያዎቹ በሕይወት ቆዩ።»

«ያ ሽፍታው? አበባ ከፍቶ የሚወጣው?»

«ይኼኛው አይደለም። ይኼኛው ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ሲወጣም አንድ በአንድ፣ በግድግዳው ተሹለክልኮ ነው። ቤቱን አያፈርስም፣ ባለቤቱን አይገድልም። ሰውንማ ጭራሽ አይነካም።»

ሥዕሉን አየሁት፣ ጉንጯን አየሁ። ሌላ ጊዜ እንደማላገኝ ታወቀኝ። «ልጄ፣ ያን ቀን... ያ ዓይኑ ውስጥ የነበረው ብረት...» ብዬ ጀመርኩ።

ስልኳን አጠፋች። «ክዳኑን ነው?»

«ፔርሙዙ ክዳን እንደሌለው ኋላ አይተሽ ነው?»

«ኋላ አይደለም እማማ» አለች። ያወደቅኩትን እንዝርት ከመሬት አንስታ አቧራውን በመዳፏ እየጠረገች ነበር። «ክርንዎ ሲገፋው ከጥላው ሥር ሆኜ አይቻለሁ። ሴትዮዋ ሳትጮህ፣ ድንጋዩ ሳይወረወር። የእኔ አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፣ የእርስዎ አይገጥምም ብዬ ነው ይቅርታ ያልኩት።»